62 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፣ አንድ የተቆለፈ ሳጥን፦ ኢስኬፕ ሩም ክፍል ውስጥ የሞከራችሁ አላችሁ?

ኬሚስትሪ_9ኛ፦

ሰላም መምህራን። ባለፈው ሐሙስ ክፍሌ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁና ምክራችሁን ልጠይቅ።

9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። በአንድ ክፍል 62 ልጆች አሉኝ። ከምሳ በኋላ ባለው ፔሬድ ግማሹ ያንቀላፋል። ኢስኬፕ ሩም የሚባለውን ጨዋታ የነገረኝ ጓደኛዬ ነው። ሰዎች ተሰብስበው አንድ ክፍል ይገባሉ፤ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ እንቆቅልሹን እየፈቱ ለመውጣት ይታገላሉ። በፈረንጆቹ 2007 ጃፓን ውስጥ፣ ኪዮቶ ከተማ፣ ታካኦ ካቶ የሚባል ሰው ነው የጀመረው። መምህራን ደግሞ ለክፍል እንዲመች አድርገው ቀየሩት። በሩን ክፍት ትተው ሳጥን ይቆልፋሉ። ልጆቹ ሳጥኑን ለመክፈት ይሯሯጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ብሬክአውት ኢዲዩ የሚባል ድርጅት ሳጥኑንና ቁልፎቹን አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቶች ይሸጣል። እኔ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና ባለ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ከገበያ ገዛሁ።

ልጆቹን በ10 ቡድን ከፈልኳቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጥያቄ ሰጠሁ። ሲሊከን በውጭኛው ሼል ስንት ኤሌክትሮን አለው? ብረት ሲዝግ ያለውን ኢኩዌሽን ባላንስ ስታደርጉ ከኦክስጅን ፊት የሚመጣው ቁጥር ስንት ነው? የካልሲየም ቫሌንሲስ? መልሱ 4፣ 3፣ 2 ነው። የትምህርቱ ልብ መካከለኛው ጥያቄ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባላንስ ማድረግን፣ ማለትም ከቀስቱ ግራና ቀኝ ያለውን የአቶም ቁጥር እኩል ማድረግን፣ ስናስተምር ነው የከረምነው።

በ9 ደቂቃ ተከፈተ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። የከፈቱትን ልጆች «መካከለኛውን እንዴት አገኛችሁት?» አልኳቸው። «ቲቸር፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን ካወቅን በኋላ መሃሉን እያዞርን ሞከርነው» አሉኝ። ከረሜላውን ተካፈሉ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ብድግ አለች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። «ሦስት ነው!» አለች። ማንም አልሰማትም። ሄጄ ወረቀቷን አየሁት። ቁጥሮቹን እየጻፈች እያጠፋች፣ እየጻፈች እያጠፋች፣ ወረቀቱ ላጲስ ካሻሸው ቦታ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። በመጨረሻ ጥርት አድርጋ ጽፋዋለች፦ 4፣ 3፣ 2።

ያቺን ልጅ እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው። ልጆቹ እንደዚያ ነቅተው አይቻቸው አላውቅም፣ ስለዚህ መተው አልፈልግም። ግን ሳጥኑ የተከፈተው ላልሠሩት ነው። እንዴት ላስተካክለው?

ሒሳብና_ጠመኔ፦

ወንድሜ፣ እኔንም ደርሶብኛል። የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ የቁልፉ ሒሳብ ነው።

ባለ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ከ000 እስከ 999፣ 1000 አማራጭ አለው። አንዱን ለመሞከር 2 ሰከንድ ቢፈጅ ሁሉንም ለመጨረስ 33 ደቂቃ ይበቃል። ይህ ምንም ሳያውቁ ነው። ሁለቱን ካወቁ የሚቀረው 10 ሙከራ ብቻ ነው። 20 ሰከንድ! ማንም ልጅ 20 ሰከንድ እያለው ኢኩዌሽን ባላንስ አያደርግም። እኔም ብሆን አላደርግም።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አንድ አሃዝ እንዲሰጥ አታድርግ። አንድ ከባድ ጥያቄ ሙሉውን ኮድ ይስጥ። ለምሳሌ የፕሮፔን ቃጠሎ ባላንስ ሲደረግ 1፣ 5፣ 3፣ 4 ነው የሚመጣው። ባለ አራት ቁጥር ቁልፍ ካለህ 1534። አንዷን ቁጥር ከሳተ ሌላውም አብሮ ይበላሻል፤ መገመት አይረዳውም።

ሁለተኛው መፍትሔ ቁልፉን ጭራሽ መተው ነው። እኔ በታሸገ ፖስታ ነው የምሠራው። በየቡድኑ አንድ ልጅ «ቁልፍ ያዥ» ይሆናል፤ ግን የሌላ ቡድን ቁልፍ ያዥ ነው። መልሱ እሱ ጋ አለ። ቡድኑ መልሱን ይዞ ሲመጣ «እንዴት አገኛችሁት?» ይላል። ማስረዳት ካልቻሉ ፖስታው አይከፈትም። ከተሳሳቱ ሁለት ደቂቃ ይጠብቃሉ። ሁለቱ ደቂቃ ግምትን ገደለልኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቅ። የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ሰጥቼ መልሱ 2 እና 3 ወጣ። ግማሹ 23 ብሎ ሞከረ፣ ግማሹ 32። ሁለቱም ትክክል ናቸው! አንዱ ቡድን ትክክል ሠርቶ ሳለ ቁልፉ እምቢ ስላለው የሠራውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ጀመረ። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ «ከትንሹ ወደ ትልቁ» ብዬ ሳልጽፍ አልሰጥም። ከክፍል በፊት ደግሞ ጥያቄውን ለማያውቅ ሰው እሰጠዋለሁ። የ8ኛ ክፍል ልጄ ናት የምትፈትሽልኝ።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ጠመኔ ይዣለሁ። በሐሳባችሁ ደስ ብሎኛል። ግን የሚያሳስበኝን ልናገር።

ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርታችሁ፣ ወንበር አዙራችሁ፣ ደንቡን አስረድታችሁ ስትጨርሱ 12 ደቂቃ አልቋል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ላይ ማንም ሳጥን አያቀርብላቸውም። ምዕራፉ ካልተሸፈነ ተጠያቂው መምህሩ ነው። ሌላው፣ በ6 ልጅ ቡድን ውስጥ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አራቱ ያያሉ። ድሮም የቡድን ሥራ በሽታው ይኸው ነው።

ይህን ስል ጨዋታን ንቄ አይደለም። እኛ ያደግነው በእንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልህ!» እየተባባልን። ያላወቀ ሰው ዝም ብሎ መልሱ አይነገረውም ነበር። «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፣ ጠያቂው አገሩን ከተቀበለ በኋላ ነው መልሱ የሚመጣው። እስቲ ይህን ተጠቀሙበት። ፍንጭ የሚፈልግ ቡድን አገር ይስጥ። አገሩ ካለፈው ምዕራፍ አንድ እውነት ይሁን። «ሶዲየም በውኃ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ያስረዳ፣ ከዚያ ፍንጩን ይውሰድ። ክለሳውም በዚያው ይሠራል።

ኬሚስትሪ_9ኛ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አገር ስጠኝ»ን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። ስለ ሰዓቱ ያሉት እውነት ነው። ሐሙስ ዕለት ወንበር ማዞር ብቻ 8 ደቂቃ በላኝ።

ታሪክ_ነጋሪ፦

እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው። ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ከዓድዋ ጋር።

መጀመሪያ ላይ ቀላሉን ነበር የሠራሁት። ግድግዳ ላይ ፲፰፻፹፰ ብዬ ለጠፍኩ። የግዕዝ ቁጥር ማንበብ የቻለ 1888 ብሎ ይከፍታል። ልጆቹ ወደዱት። አንድ ቡድን ግን ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ይዞ 1896 ብሎ ሲታገል ቆየ። እሱም ትክክል ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፉ ዓመተ ምሕረትን ኮድ አታድርጉ።

በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ዓመትን ኮድ ማድረግ ሽምደዳን መሸለም ነው። 1888ን የሚያውቅ ልጅ ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ወደ ውጫሌ ውል ሄድኩ። አንቀጽ 17 በአማርኛው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት በኩል መነጋገር ይቻለዋል ይላል። በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆነ። ጦር ያማዘዘው ይህ ልዩነት ነው።

አሁን ለልጆቹ የሁለቱን ፍሬ ሐሳብ በቀላል አማርኛ ጽፌ፣ በሁለት ወረቀት እሰጣለሁ። ከዚያ ስምንት ቁጥር ያላቸው ካርዶች። በአንዱ «ምኒልክ ለእንግሊዝ ንግሥት በቀጥታ ደብዳቤ መጻፍ ይችላሉ» ይላል። በሌላው «የኢትዮጵያ መልእክተኛ ፓሪስ የሚገባው በሮም ፈቃድ ነው»። የትኛው ካርድ ከየትኛው ወረቀት ይከተላል? ከአማርኛው የሚከተሉት ካርዶች ቁጥር፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ኮዱን ይሰጣል። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ክርክር ይነሳል። አንድ ልጅ «አንድ ቃል ብቻ ነው እኮ የተለየው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ በኋላ ስለ ዓድዋ ስናገር ሁሉም ያዳምጠኛል።

በመጠለያ_አቅራቢያ፦

እባካችሁ አንድ ነገር ልጨምር።

እኔ የማስተምርበት ቦታ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የጨዋታ ታሪክ ተርጉሜ ገባሁ። «ታግታችኋል፤ ለመውጣት 30 ደቂቃ አላችሁ» ይላል። ልብ አላልኩትም። በስልኬ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲቆጥር እያሰማሁ ጀመርኩ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። መጀመሪያ የታመመ መሰለኝ። ጠጋ ስል እየተንቀጠቀጠ ነው። ወዲያው አስቆምኩት። ከእሱ ጋር ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ምንም አልጠየቅኩትም። ፔሬዱ እስኪያልቅ አብሬው ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ እስር፣ እገታ፣ ቦምብ፣ ማሳደድ የሚባል ነገር ታሪኬ ውስጥ የለም። አሁን ልጆቹ የሚያድኑት ነገር ነው የምሰጣቸው። የዘር ጎተራ ቁልፍ ጠፍቷል፣ ዝናብ ሊጥል ነው። ወይም አዋላጇ የመድኃኒት ሳጥኗን መክፈት አለባት። እኩል ይሯሯጣሉ። የሚጮህ ሰዓትም አልጠቀምም፤ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ በየ5 ደቂቃው እጽፋለሁ።

የክፍሉን በር ደግሞ በፍጹም አትቆልፉ። ለቀልድም ቢሆን።

ሒሳብና_ጠመኔ፦

እህቴ፣ ይህን ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። የኔም የመጀመሪያ ታሪክ የእስር ቤት ነበር። ነገ እቀይረዋለሁ።

የቅዳሜ_ፊደል፦

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ መምህር አይደለሁም፣ እናት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለ14 ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከ8 እስከ 11 ዓመት ናቸው። ቤት ውስጥ ይሰማሉ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ፊደል ማስጠናት ስቃይ ነበር። ሀ ሁ ሂ ስንል መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

እኔ የሠራሁት ይኸው፦ የፊደል ገበታውን ካርታ አደረግኩት። 33 መስመር ወደ ታች፣ 7 ወደ ጎን። «10-2፣ 14-4» ብዬ እጽፋለሁ። አሥረኛው መስመር በ ነው፤ ሁለተኛው ቡ። አሥራ አራተኛው ነ፤ አራተኛው ና። ቡና! ወደ ቡናው ጀበና ይሮጣሉ፤ ጀበናው ሥር ሌላ ወረቀት አለ። «7-1፣ 2-4፣ 4-6» ሰላም ነው። አንዷ ልጅ ቁጥሩን ለማግኘት ከሀ ጀምራ በጣቷ እየቆጠረች «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ…» ስትል ሰማኋት። ለወራት ስለምናት የነበረውን በራሷ ትለዋለች። አያቷ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩአታል።

በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ለእናቶቻቸው በቁጥር ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

ሰኞ_አንደኛ_ፔሬድ፦

ቁልፍ መግዛት ለማንችል ሰዎችስ? ትምህርት ቤታችን ወረቀትም በመከራ ነው የሚገኘው።

ታሪክ_ነጋሪ፦

ቁልፍ አያስፈልግህም። ያለቀ ደብተር ሽፋን አጥፈህ ፖስታ ሥራ፣ በሻማ ጠብታ አሽገው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍ። ሒሳብና_ጠመኔ ያለችው ቁልፍ ያዥ ካለ ወጪህ ዜሮ ነው።

ጡረተኛው_መምህር፦

ስለሚያዩት አራት ልጆች ግን መልስ አላገኘሁም።

ሒሳብና_ጠመኔ፦

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ዘልዬው ነው። እኔ ጥያቄዎቹን በተራ መስጠት ትቻለሁ። አንዱ ካልተፈታ ሌላው የማይገኝ ከሆነ አምስቱ አንዱን ከበው ያያሉ። ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ ይከፈታል፣ ለሁለት ለሁለት ይይዙታል። የመጨረሻው ፖስታ ሦስቱንም መልስ ይፈልጋል። ቁልፍ ያዡ ደግሞ እንዲያስረዳ የሚጠራው ራሱ የመረጠውን ልጅ ነው። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ጎበዙ ለሌሎቹ ማስረዳት ይጀምራል። እስካሁን ካየሁት ሁሉ የሠራልኝ ይህ ነው። ሁሉንም ያነሳል ማለቴ አይደለም፤ አሁንም በየክፍሉ ሁለት ሦስት ልጅ ይቀርብኛል።

ኬሚስትሪ_9ኛ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ትናንት ሁለተኛውን ሞከርኩ። የነገራችሁኝን በሙሉ ለማለት ይቻላል ተጠቅሜበታለሁ።

ርዕሱ አሲድና ቤዝ ነው። ላብ የለንም። ሐምራዊ ጥቅል ጎመን ገዝቼ ማታ ቤት ቀቀልኩት። ውኃው ድንቅ ኢንዲኬተር ነው፤ አሲድ ሲያገኝ ይቀላል፣ ቤዝ ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። አንድ ጎመን ለሁሉም በቃ። ለየቡድኑ አራት የፕላስቲክ ብርጭቆ፣ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አንዱ የሎሚ ውኃ፣ አንዱ ንጹሕ ውኃ፣ አንዱ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት፣ አንዱ የተጣራ የአመድ ውኃ። ከአሲድ ወደ ቤዝ ደርድሩ፤ የብርጭቆዎቹ ቁጥር ኮዱ ነው። አማራጩ 24 ብቻ ስለሆነ መገመት ይቻላል። ስለዚህ ቁልፍ ያዡ ኮዱን ብቻ አይቀበልም፤ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ታሪኩም ተቀየረ፦ አንዲት እናት ቤት ውስጥ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ምልክቱ ተነስቶባታል፤ ልጇ ሳይጠጣው የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አለባት። መቅመስ ክልክል መሆኑን ከመጀመሪያው አስጠነቀቅኩ፣ ሰሌዳ ላይም ጻፍኩ።

ወንበሮቹን በእረፍት ሰዓት ከተማሪ አለቃው ጋር አዞርናቸው። 5 ደቂቃ ማስረዳት፣ 20 ደቂቃ ጨዋታ፣ 12 ደቂቃ ውይይት፣ 3 ደቂቃ ማጽዳት።

የጎመኑ ውኃ አመዱ ላይ ጠብ ሲል አረንጓዴ ሆነ። ክፍሉ «እእ!» አለ። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እናቴ ልብስ የምታጥበው በዚህ ነው እኮ» አለ። ሌላው «ለዚያ ነው እጅ የሚልጠው!» አለ። ሳሙና ለምን ቤዝ እንደሆነ ላስተምር ያቀድኩት የሚቀጥለው ሳምንት ነበር። እዚያው ተነሳ።

«አገር ስጠኝ» ያለኝ ሰባት ቡድን ነው። አንዱ ቡድን ብረት እንዴት እንደሚዝግ አስረድቶ ፍንጩን ወሰደ። ባላንሱን ሰሌዳ ላይ የጻፈችው ያቺ ከኋላ ወንበር የነበረችው ልጅ ናት። ቡድን 4 ውስጥ ናት። ድምጿ ትንሽ ነው፣ ግን ክፍሉ ዝም ብሎ ሰማት።

ሁሉም አልተሳካም። ቡድን 7 ውኃውን ደፋውና ግማሹን ሰዓት ሲያጸዱ አለቀ። ሁለት ልጆች እስከ መጨረሻው አልነኩትም፤ ጠጋ ብዬ ሳናግራቸው አንደኛው ምሳ አልበላም ነበር። ጎረቤት ክፍል ያለው መምህርም ጩኸቱን አልወደደውም። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ የሚቀጥለውን ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር እሠራዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳላስጠነቅቅ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «አመድ ያለበት ውኃ ላይ ሎሚ ቀስ እያላችሁ ብትጨምሩ የጎመኑ ቀለም ምን ይሆናል? ለምን?» ይህን አላስተማርኩም ነበር። ወረቀቱን አሁን እያረምኩ ነው። ከ62ቱ 41ዱ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ቀይ እንደሚመለስ ጽፈዋል። ምክንያቱን በደንብ ያስረዱት ግን 23 ናቸው። ሰኞ የምጀምረው ከዚያ ነው።

ጡረተኛው_መምህር፦

23 ጥሩ ነው። በእኔ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን 23 አግኝቼ አላውቅም። ሳጥኑ ውስጥስ ምን አስቀመጥክ? አሁንም ከረሜላ?

ኬሚስትሪ_9ኛ፦

የለም ጋሼ። ባዶ ወረቀትና እርሳስ። «የሚቀጥለውን እንቆቅልሽ እናንተ ሥሩልኝ» ይላል።

ቡድን 4 ዛሬ ከሰዓት አስገብቷል። ደብተር መሐል ታጥፎ፣ በሻማ ታሽጎ ነው የመጣው። አራት አሃዝ ነው። ሦስቱን አግኝቻለሁ። አራተኛውን መገመት እችል ነበር፣ ግን ከታች በትንሽ ጽሑፍ «ቲቸር፣ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለብህ» ይላል። ወረቀቱ ፊቴ ነው፣ እየሠራሁት ነው።